ተረፈ ጎልደንአይ

ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከወፍ ወንጭፍ በቀር የጦር መሣሪያ በእጁ ይዞ የማያውቅ፣ በሰርግ ቤት እንኳ ተኩስ ሲሰማ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ የሚከድን ሰው፣ በስተርጅናው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሦስት መቶ የማያንሱ ወታደሮችን መግደሉን ሲናዘዝ፣ አንባቢ ደንግጦ ወረቀቱን ከመጣሉ በፊት፣ ነገሩ የተፈጸመው በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ፣ በእኅቴ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ መሆኑን ማስታወቅ ይገባኛል። የንስሐ አባቴም ይህን ያነበቡ እንደ ሆነ፣ ከወታደሮቹ አንዱ ስንኳ ተቀብሮ የማያውቅ መሆኑን፣ ወድቆ ጥቂት ከቈየ በኋላ እንደ ማለዳ ጉም ተኖ መጥፋቱን አስበው ቀኖናውን እንዲያቀሉልኝ እለምናለሁ።

እኅቴ ካገር ከወጣች ሃያ ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ልጅ ወልዳ አሳድጋለች፤ ቤትም ገዝታለች። ቤቷ ሁለት ፎቅና አንድ ምድር ቤት ሲኖረው፣ ከክፍሎቹ ሁሉ ያማረችውና የሰፋችው ሳሎን ማንም ሰው የማይቀመጥባት ክፍል ናት። በውስጧ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ ያልተነሣለት ሶፋ አለ፤ በስተቀኝም ባለመስታወት ቡፌ ቆሞ፣ ከንፈራቸው በወርቅ ቀለም የተቀባ ሲኒዎች ከነማስቀመጫቸው በሁለት ወገን እንደ ማኅሌት መዘምራን ተሰልፈው ይታዩበታል። ከእነዚህ ሲኒዎች ቡና የጠጣ ፍጥረት የለም። በደረስሁ በማግስቱ «እነዚህ የምን ናቸው?» ብዬ ብጠይቃት «የእንግዳ ናቸው» አለችኝ። «እኔስ ምንድን ነኝ?» ብላት «አንተማ ወንድሜ ነህ» ብላ፣ ቡናዬን እጀታው በተሸረፈ ኩባያ አቀረበችልኝ። የማይቀመጡበት ሶፋና የማይጠጡበት ሲኒ ምን ይረባል እያልሁ በልቤ ሳጕረመርም፣ መልሱን ከምድር ቤት፣ ያውም ከጦር ሜዳ የማገኘው መሆኑን ገና አላወቅሁም ነበር።

በሦስተኛው ቀን በረዶ ጣለ። መንገዱም፣ ዛፉም፣ መኪናውም አንድ ነጠላ የተከናነቡ መስለው፣ ከቤት መውጣት የማይታሰብ ሆነ። የእኅቴ ልጅ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው ቢሆንም፣ አማርኛን እናቱ በብዙ ተጋድሎ አስተምራዋለች፤ ይልቁንም ታላላቆቹን «እርስዎ» እንዲል አንድ ጊዜ በምክር አንድ ጊዜ በኵርኵም አጥብቃ ስላስለመደችው፣ የአክብሮቱ ነገር ካገር ቤት ልጆች ይልቅ ይጠነክራል። በመስኮት በረዶውን እያየሁ ስተክዝ አይቶኝ «ጋሼ፣ ከሚደብርዎ ይምጡና ጌም እንጫወት» አለኝና ይዞኝ ወደ ምድር ቤት ወረደ።

በዚያ ከእርሱ ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ኒንቴንዶ 64 የተባለ መጫወቻ አለ። እንደ እርሱ ያሉ ወጣቶች አዲሱን ሁሉ ጠግበው አሮጌውን እየፈለጉ በውድ ይገዛሉ፤ አሮጌ አጎት ግን ገና ዋጋ አላወጣም። ጆይስቲኩ ሦስት እጀታ አለው፤ ሰው ሁለት እጅ ብቻ እንዳለው ሠሪዎቹ የዘነጉ መስሎኝ፣ የትኛውን ይዤ የትኛውን እንደምተው እስካውቅ ድረስ ጥቂት ጊዜ አለፈ። ካሴት የምታህል ጥቁር ነገር፣ እርሱ ካርትሪጅ የሚላትን፣ ከላይ ሰክቶ አበራው። የጨዋታው ስም ጎልደንአይ 007 ነው፤ እኔም ስሙ እንግሊዛዊ፣ ሥራው ስለላ፣ ልብሱ ሱፍ የሆነ ጀምስ ቦንድ ሆንሁ።

የመጀመሪያው ግዳጅ የሚፈጸመው በአንድ ታላቅ ግድብ ላይ ነው። የእኔ ጀምስ ቦንድ ግን ሲጀምር ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፤ ቀጥሎ ጫማውን ተመለከተ፤ ከዚያ እንደ ጠንቋይ ቤት እንግዳ በራሱ ላይ ይዞር ጀመር፤ በመጨረሻም ከግንብ ጋር ተፋጦ ሳለ ከኋላው መትተው ጣሉት። የእኅቴ ልጅ እያዘነ «ጋሼ፣ ሞቱ እኮ» አለኝ። በአንቱታ መሞት ምን ያህል እንደሚያጽናና ያልቀመሰው አያውቀውም።

አምስት ስድስት ጊዜ ከሞትሁ በኋላ ግን መራመድ ቻልሁ፤ መራመድ የቻለ ሰው ደግሞ ማየት ይጀምራል። ያየሁትም ያላሰብሁት ነገር ነበር። አንድ ዘበኛ ማንም የማያየው መስሎት ብቻውን ቆሞ፣ በፊቱ የሚዞረውን ዝንብ በእጁ ይከላከላል፤ ሌላው ያነጥሳል፤ ሌላው ደግሞ በጨዋ ጉባኤ የማይታከከውን ስፍራ ያካል። የአንዱን ራስ አልሜ ብስት ባርኔጣው ብቻ ተነሥቶ በረረ። ወንበር ብመታ ወንበሩ እንደ ፈንጂ ፈነዳ። የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ ይተኩሱ እንጂ!» እያለ ሲወተውተኝ፣ እኔ ግን ዝንቡን የሚያባርረውን ዘበኛ መግደል ነውር መስሎ ስለ ታየኝ ከአንድ ማማ ኋላ ተጠግቼ ስመለከተው ቈየሁ። ሠሪዎቹ ምን ቸገራቸው? ዘበኛው ቢያነጥስ ባያነጥስ ጥይቱን አያስቀርለት፤ ነጥብም አይጨምር። ሆኖም ያ ዘበኛ ከማንጠሱ የተነሣ ሰው መሰለ።

በዚሁ ግድብ ላይ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ያለው ጠመንጃ ይገኛል። በዚያ መነጽር ከውኃው ማዶ ስመለከት አንዲት ደሴት አየሁ፤ በላይዋም ከሩቅ ትንሽ ሕንጻ የሚመስል ነገር ቆሟል። «ያ ምንድን ነው?» አልሁት። «ምንም አይደለም ጋሼ፤ አይደረስበትም» አለኝ። በሰባት ዓመቴ ከአያቴ ጓዳ የተቈለፈውን ሙዳይ አይቼ በጠየቅሁ ጊዜም የተሰጠኝ መልስ ይኸው ነበርና፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሽምግልናዬ ከእኔ ተለየ። የማይደረስበትን ምን ብለው ሠሩት? ከሠሩትስ ስለ ምን አያደርሱበትም?

በዚያ ማታና ተከትለው በመጡት ቀናት ያ ልጅ የነገረኝን ሁሉ ባሰባስበው ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ጨዋታውን የሠራው በእንግሊዝ አገር በሌስተርሺር ትዋይክሮስ በተባለ የገጠር መንደር የነበረ ሬር የሚባል ኩባንያ ነው፤ መሪው ማርቲን ሆሊስ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ አሥር ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አንድም ጌም ሠርተው የማያውቁ ጀማሪዎች ናቸው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የጀምስ ቦንድ ፊልም ላይ ነው። ፊልሙ ግን ወጥቶ፣ ታይቶ፣ ሊረሳም ሲቃረብ ጨዋታው ገና አላለቀም ነበር፤ በመጨረሻ የወጣው እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1997፣ በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 19 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ጾመ ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ነው። የዘገየ ፍሬ ግን ጣፈጠ፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ሠሪዎቹ ፊልሙ ወደሚነሣበት ወደ ሊቭስደን፣ ማለት ቀድሞ የአውሮፕላን ሞተር ይሠራበት ወደ ነበረው ፋብሪካ እየተመላለሱ፣ ለፊልሙ የቆመውን ግንብና አዳራሽ ፎቶግራፍ አነሡ፤ የሕንጻውንም ንድፍ ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ግን የሥነ ሥርዓት ሰው ቢሰማው የሚያስቈጣ ነው፤ ተጫዋቹ ከየት ይገባል፣ በየት ይወጣል፣ ጠላትስ የት ይቆማል ብለው ሳያስቡ፣ መጀመሪያ ሕንጻውን እንደ ሕንጻ አነጹት፤ ግዳጁንና ዘበኛውን ያስቀመጡበት ኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ በጨዋታው ውስጥ ምንም ተግባር የሌላቸው ክፍሎች ሞልተዋል። በሩን ከፍተህ ትገባለህ፤ ጠላት የለም፤ ሀብት የለም፤ ቍልፍ የለም፤ ባዶ ክፍል ነው፤ ትወጣለህ። ሆሊስ ራሱ ከዓመታት በኋላ ይህን ሲያስረዳ፣ ሥፍራዎቹ እውነተኛ የመሰሉት ከዚሁ ያለ ዕቅድ ከመሠራታቸው የተነሣ እንደ ሆነ ተናግሯል። እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ ዓይኔ ሳልፈልግ ወደ ላይ፣ ሳሎኑ ወዳለበት ወደ ኮርኒሱ አቀና። ሁሉም ክፍሉ የሚያገለግል ቤት ሆቴል ነው፤ ቢበዛም ሆስፒታል ነው። የሰው ቤት ከሆነ አንድ የማያገለግል ነገር ሊኖረው ግድ ነው።

አሁን ደግሞ በጨዋታው ውስጥ ወደ ተሸሸገው ነገር ልለፍ። እነዚያ አሥር ሰዎች ለየዘበኛው ፊት የሚሆን መልክ ቢቸግራቸው የገዛ ፊታቸውንና የሥራ ባልደረቦቻቸውን ፊት ለጠፉበት። ስለዚህ ያ ያነጥስ የነበረው ዘበኛ ምናልባት አንዱ ሠሪ ራሱ ነው፤ እኔም የሠራልኝን ሰው በገዛ ሥራው ውስጥ ስገድለው ሰነበትሁ ማለት ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ ዴቪድ ዶክ፣ ቀድሞ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ የነበረ ሰው፣ በሁለተኛው ግዳጅ በኬሚካል ፋብሪካው ውስጥ «ዶክተር ዶክ» በሚል ስም ነጭ ካባ ለብሶ ቆሟል። ያ ግዳጅ ጀምስ ቦንድ ከመጸዳጃ ቤት በላይ ባለ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ውስጥ ተኝቶ የሚጀመር ነው፤ ስለ ጀግኖች ከሰማኋቸው ታሪኮች ሁሉ እንዲህ ያለ መነሻ ያለው አላጋጠመኝም። በሩን የሚከፍተውን መሣሪያ የሚሰጠው ዶክተር ዶክ ነው፤ ቦታው ግን በየጊዜው ይለዋወጣል። ይህንኑ ግዳጅ በከባዱ ደረጃ በ2 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ውስጥ ለፈጸመ ሰው ጥይት የማይገባው የመሆን ጸጋ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ዶክተሩ በሩቅ ማዕዘን የቆመ እንደ ሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። እልፍ ሕፃናት ትዕግሥትን የተማሩት ከሰንበት ትምህርት ቤት ሳይሆን ከእኒህ ዶክተር ዘንድ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም አለ። የጨዋታው ደካማ መሣሪያ፣ ጥይቱን እንደ ሰርግ ሩዝ ዙሪያውን የምትበትን አንዲት ትንሽ መትረየስ፣ «ክሎብ» ትባላለች። የቀድሞ ስሟ የሌላ ሰው ንግድ ስም ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በአሜሪካው ኒንቴንዶ ጨዋታውን ይረዳ በነበረው በኬን ሎብ ስም ተሰየመች። ስምን ለታላቅ ድልድይ፣ ለአደባባይ፣ ለትምህርት ቤት መስጠት የተለመደ ነው፤ ለማይመታ ጠመንጃ መስጠት ግን የወዳጅነት ጥልቀት ነው።

ስምን በሥራ ውስጥ የመሸሸግ ልማድ በዚህ ዓለም ከጎልደንአይ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በአታሪ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ዋረን ሮቢኔት የተባለ ሰው፣ ኩባንያው የሠሪዎችን ስም የማያወጣ ስለ ነበረ፣ «አድቬንቸር» በተባለው ጨዋታው ውስጥ ከጀርባው ቀለም የማትለይ አንዲት ግራጫ ነጥብ ሸሸገ፤ ነጥቢቱን አግኝቶ ወደ ተወሰነ ስፍራ የወሰዳት ተጫዋች በተሰወረ ክፍል ውስጥ የሠሪውን ስም ያነባል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው በ«ዱም 2» ደግሞ ባልደረቦቹ የጆን ሮሜሮን ራስ ቈርጠው ከመጨረሻው ጋኔን ግንብ ጀርባ ሸሸጉት፤ እርሱም ቀልዳቸውን ደርሶበት፣ ካልገደላችሁኝ አታሸንፉም የሚለውን ቃል በገዛ ድምፁ ቀድቶ ወደ ኋላ ገልብጦ ጨመረበት። እኔም ይህን ስሰማ ያገራችን ቍም ጸሐፊዎች ትዝ አሉኝ። ወራት ሙሉ ብራና ላይ ጐብጠው ዳዊቱን ወይም ገድሉን ከጨረሱ በኋላ፣ በመጨረሻው ቅጠል ጥግ ላይ የጻፈውን አስቡት፣ ጸልዩለት የሚል ትንሽ ቃል ጣል አድርገው ያልፋሉ። ልዩነቱ ሮቢኔት ስሙን ከኩባንያው መሸሸጉ፣ ጸሐፊው ግን ራሱን መሸሸጉ ነው፤ ሁለቱም ስማቸው ከሥራው ጋር እንዲኖር መመኘታቸው አንድ ነው።

የተሸሸገውን ካወቅሁ በኋላ የተቈረጠውን መጠየቅ ጀመርሁ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይበልጥ ያስቃል። በመጀመሪያ ሐሳብ ጠመንጃውን ለማጕረስ ተጫዋቹ በጆይስቲኩ ሆድ ላይ የሚሰካውን የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ነቅሎ መልሶ እንዲሰካ ታስቦ ነበር፤ ኒንቴንዶ ግን አልወደደውም፤ በየደቂቃው ዕቃው ሲነቀልና ሲሰካ ስንት ቀን እንደሚቈይ ያሰበ ሰው ሁሉ ይፈርድለታል። ደግሞም የማሪዮ አባት ታላቁ ሺገሩ ሚያሞቶ ጨዋታውን ከተመለከቱ በኋላ ከጃፓን በፋክስ መልእክት ላኩ። መልእክታቸውም፣ በቅርብ ርቀት የሚፈጸመው ግድያ በዝቷልና ነገሩ ያሳዝናል፤ በመጨረሻው ቦንድ ሆስፒታል ሄዶ የተኰሰባቸውን ጠላቶች ሁሉ እየዞረ ቢጨብጥ መልካም ነው የሚል ነበር። ሆሊስ ይህን እ.ኤ.አ. በ2015 በአደባባይ ሲያወራው አዳራሹ እንደ ሳቀ እገምታለሁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ያን የመሰለ ሐሳብ ሊያመጣ የሚችለው የታመመ መጠየቅን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ማለቱ ብቻ ቀርቶታል። የመጨባበጡ ነገር ተቈረጠ፤ በእርሱ ፋንታ ተሳታፊዎቹ ሁሉ እንደ ፊልም ተዋንያን በየስማቸው እየታዩ ያልፋሉ፤ ይህም ሞታችሁ የነበራችሁት ሁሉ ተውኔት ነበር ማለት ነው። እነሆ፣ የተቈረጠው ሐሳብ መልኩን ለውጦ ቀረ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ተጫዋቾች ከፒርስ ብሮስናን ሌላ ሾን ኮነሪን፣ ሮጀር ሙርንና ቲሞቲ ዳልተንን፣ የቀድሞዎቹን ቦንዶች፣ መርጠው እንዲጫወቱ ታስቦ ነበር፤ ሥራው ሊያልቅ ሲል ግን በመልክ መብት ምክንያት ቀረ። አንድ የአሜሪካ የጌም መጽሔትም በአፕሪል ዘ ፉል እነዚያን አራቱን ቦንዶች ማግኛ ዘዴ አገኘሁ ብሎ ቀልድ ቢያትም፣ ሕፃናቱ ቀልዱን እንደ ቃለ ወንጌል ተቀብለው ሲደክሙ ኖሩ። ነገሩ ውሸት ቢሆንም ውሸቱ ሥር ነበረው።

ከሁሉም የሚደንቀውን ግን ለመጨረሻው ሌሊት አቆይቶ ነው የነገረኝ። ከጨዋታው ሠሪዎች አንዱ ስቲቭ ኤሊስ በሥራ መካከል ለሙከራ ያህል፣ ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝ አገር የወጣ ትንሽ ኮምፒዩተር በኒንቴንዶ 64 ውስጥ ማስነሣት ይቻል እንደ ሆነ ሞከረ፤ ተቻለለትም። ለሙከራው የተጠቀመበት ጄትፓክን፣ ሳብር ዉልፍንና ናይት ሎርን የመሳሰሉ 10 ጨዋታዎች ነበሩ፤ እነዚህንም የሠራቸው አልቲሜት የተባለው የወንድማማቾቹ የስታምፐሮች ኩባንያ፣ ማለት ኋላ ሬር የሆነው ያው ቤት ነው። ሙከራው፣ ጨዋታው ከመሸጡ በፊት ከካርትሪጁ ሊወጣ ይገባው ነበር፤ አልወጣም፤ በሩ ብቻ ተዘጋበት። በየአገሩ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ያንን ካርትሪጅ በመሳቢያቸው ሲያኖሩ፣ በሆዱ 10 የአያት ጨዋታዎችን ተሸክሞ 15 ዓመት ተኛ፤ ትጉሃን የሆኑ ወዳጆቹ እ.ኤ.አ. በ2012 አገኙት። ደግሞም «ሲታደል» የተባለ፣ በኛ አነጋገር አምባ ልንለው የምንችል፣ ለሙከራ የተሠራ የጦር ሜዳ ቅሪቱ እዚያው ውስጥ ተገኘ።

«ታዲያ ስለ ምን አልደመሰሱትም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሊያልቅ ሲል የሆነ ነገር ካወጡ ሌላው ሊበላሽ ይችላል» አለኝ። ነገሩ ገባኝ። ጎጆ ቤት የሠራ ሰው፣ ግድግዳው ተመርጎ ጣራው ከተከደነ በኋላ አንድ ትርፍ ማገር ቢያይ ምን ያደርጋል? አይመዝዘውም፤ ቢመዝዘው ምን እንደሚከተል አያውቅምና ጭቃ ለድፎበት ያልፋል። ያም ካርትሪጅ የሚይዘው 12 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን፣ ይህም የዛሬ ስልክ ከሚያነሣቸው ጥቂት ፎቶግራፎች የማይበልጥ ነው። እንዲህ በጠበበች ጐተራ ውስጥ ለማይበላ እህል ቦታ መገኘቱ ይበልጥ ያስደንቃል።

በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ቍጥር ተረፈ ኤርምያስ የሚባል መጽሐፍ መኖሩን የማያውቅ ዲያቆን የለም፤ ከኤርምያስ የተረፈው ማለት ነው። አበው የተረፈውን ትርፍ ነው ብለው አልጣሉትም፤ ከቍጥር አገቡት እንጂ። እኔም ለዚያ ልጅ «ይህ ያልኸኝ ሁሉ ተረፈ ጎልደንአይ ነው» ብለው፣ ተረፈ ማለት ምን እንደ ሆነ ሳስረዳው ግማሽ ሌሊት ሄደ። በስንቱ ብራና ላይ ያስጻፈው ጌታ ስም ተፍቆ የኋለኛው ባለቤት ስም እንደ ተተካበት፣ ነገር ግን ብራናውን ወደ ብርሃን ቢያነሡት ከአዲሱ ቀለም ሥር አሮጌው ፊደል እንደ ጠባሳ እንደሚታይ ነገርሁት። አዳምጦ ሲያበቃ «ጋሼ፣ እነሱም ዴቨሎፐሮች ነበሩ ማለት ነው» አለኝ፤ ጸሐፍትን ሁሉ በአንድ ቃል ሾመልኝ።

ከትርፉ ሁሉ የተከበረው ትርፍ ደግሞ ይህ ነው። ዛሬ ጨዋታው የሚታወሰው አራት ሰዎች በአንድ ቴሌቪዥን ተካፍለው እርስ በርሳቸው በሚተኳኰሱበት ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ግን በመጀመሪያው ዕቅድ አልነበረም፤ ይኸው ስቲቭ ኤሊስ በመጨረሻዎቹ ወራት በጥድፊያ ጨመረው። ስለዚህ ታስቦ የተሠራው በበር ተዘግቶ ሲቀር፣ ሳይታሰብ የገባው የማዕዘን ራስ ሆነ። ቅዳሜ ማታ ሁለት የልጁ ጓደኞች መጥተው አራት ሆነን ተቀመጥን። ኦድጆብ የተባለ ቁመተ አጭር ሰው ነበርና እርሱን መረጥሁ፤ ጥይት ከራሱ በላይ የሚያልፍ መሆኑን ሳላውቅ ነው ብዬ ብምልም ማንም አላመነኝም፤ በጨዋ ሰዎች ዘንድ እርሱን መምረጥ ነውር ነው ተባልሁ። ሆኖም በኦድጆብም ቢሆን አላሸነፍሁም። የእኅቴ ልጅ በየደቂቃው «ይቅርታ ጋሼ፣ ገደልሁዎት» እያለ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ፣ እናቱ ከደረጃው አናት ሆና ሰማችውና ቈጣ ማለት ጀመረች፤ ነገሩን ካስረዳናት በኋላ ግን በአነጋገሩ ኰርታ ተመለሰች።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ስለ ደሴቲቱ ደግሜ ጠየቅሁት። ደሴቲቱ በመጀመሪያ ሐሳብ በጀልባ የሚኬድባት ስፍራ ነበረች፤ ጀልባው ቀረ፤ እርሷም ቀረች፤ ማለት አንደኛው ተተወ፣ ሁለተኛዋ ቈየች። የጨዋታውን ሕግ የሚጥስ አንድ መሣሪያ ግን ከካርትሪጁ ሥር ቢሰካ በውኃ ላይ ለመሄድ ያስችላል አለኝ። «በውኃ ላይ?» አልሁት፤ «አዎ» አለኝ። ጴጥሮስ የተጠራጠረበትን ነገር እኔ በምድር ቤት ሳልጠራጠር አደረግሁት፤ ጀምስ ቦንድ በሐይቁ ላይ በእግሩ ሄደ። ግድቡ ከኋላዬ እያነሰ፣ ደሴቲቱ ከፊቴ እየተለቀች መጣች፤ ልቤም እውነቱን ለመናገር ይመታ ነበር።

ደረስሁ። ትንሿ ሕንጻ እንደ ተባለችው ቆማለች። ዙሪያዋን ዞርሁ። ምንም የለም። ዘበኛ የለም፤ ዝንብም የለም። ከባሕሩ ማዶ መለስ ብዬ ግድቡን ባየው ሰው ሁሉ የሚሯሯጠው እዚያ ነው። ጥቂት ቆሜ «በቃ እንመለስ» አልሁት። ልጁም «ነግሬዎት ነበር ጋሼ» አለኝ፤ ነገር ግን ሳይሰለች ያደረሰኝ እርሱ ነበርና፣ ከእኔ በፊት ስንት ጊዜ ብቻውን ሄዶ እንደ ቆመባት አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ቡና ሲፈላ ሳሎኑን አልፌ ስገባ ከቡፌው ፊት ቆምሁ። ያ ሁሉ ግድብ ያለዚያች ባዶ ደሴት አንድ ቅጥር ግቢ ብቻ ይሆን ነበር፤ ማዶ የሚታይ ነገር ስለ ነበረው ግን አገር ሆኗል። እኅቴም ከማለዳ እስከ ማታ በሰው አገር ስትለፋ፣ ማምሻውን ከሥራ ስትገባ በመጀመሪያ የምታየው ያንን መስታወት ነው፤ አንድ ቀን በወግ የሚመጣ እንግዳ አለ ብላ ታምናለች፤ ቤቷም ቤት የሆነው በዚያ እምነት ነው። ስለዚህ ሲኒዎቹ ምን ይረባሉ ያልሁትን ቃሌን በዚህ ጽሑፍ አነሣለሁ፤ አንባቢም በቤቱ የማይቀመጡበት ወንበር ወይም የማይከፈት ሣጥን ቢኖረው፣ ጠባብ ነው ብሎ እንዳይሸጠው እመክራለሁ።

እኅቴ ከኋላዬ መጥታ «ምን ታያለህ?» ብትለኝ «ምንም» አልኋት። ቡናውንም እጀታው በተሸረፈው ኩባያ ጠጣሁ። ሲኒዎቹ ዛሬም እዚያው ቡፌው ውስጥ ናቸው፤ ቍጥራቸውም አሥራ ሁለት ነው።